ኳሷን የረገጣት ሰው

ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላኝ ሚያዝያ ላይ ነው፤ የጡረታ ደብዳቤዬ የደረሰኝ ግን ሰኔ መጨረሻ ነው። ለምን ዘገየ ብዬ ስጠይቅ «ጸሐፊዋ ፈቃድ ወጥታ ነው» ተባልኩ። እኔ አላመንኩም። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ ወደ መስኮቱ ይዤ በብርሃን አየሁት። ሚስቴ ከጓዳ ሆና «አንተ ሰውዬ፣ አሁን እንኳ ዕረፍ! ማን ምን ይደብቅብሃል?» አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠረጥር የኖረ ሰው በአንድ ደብዳቤ እንዴት ብሎ ያርፋል?

ሥራዬ መጠርጠር ነበር። ለሰው ስናገር «የስፖርት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነኝ» ነው የምለው። የቀጠረኝ በደርግ ጊዜ ከፍተኛ የሚባለው የከተማ አስተዳደር ነው፤ መንግሥት ተለውጦ ከፍተኛው ወረዳ ሲባልም እዚያው ወንበር ላይ አገኘኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቴሴራ አዘጋጃለሁ። ቴሴራ የተጫዋቹ ፎቶ፣ ስሙ፣ ዕድሜውና ቡድኑ ያለበት መታወቂያ ነው። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በቦሌና ከቦሌ ወደ ምሥራቅ ባሉት ሜዳዎች ላይ ፊሽካ እነፋለሁ። ለአንድ ጨዋታ የሚሰጠን አበል ከታክሲና ከአንድ ሻይ አይተርፍም ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ አልናገርም።

ከጨዋታ በፊት ሁለቱን ቡድኖች አሰልፋለሁ። ቴሴራውን በግራ እጄ ይዤ እያንዳንዱ ፊት ለፊት ቆሜ አየዋለሁ። «ስም?» ይናገራል። «የአባት? የአያት?» ይናገራል። አንዳንዱ የአያቱን ስም ሲጠየቅ ዞር ብሎ አምበሉን ያያል፤ ያን ጊዜ አለቀለት፣ የሰው ቴሴራ ይዞ የገባ ነው። አንዱ እንዲያውም የሟች ወንድሙን ቴሴራ ይዞ መጥቶ፣ ስሙን ስጠራው ዓይኑ እንባ አቀረረ። እሱንም አስወጣሁት። ተመልካቹ «ጠርጣራው መጣ! ጠርጣራው መጣ!» እያለ ሲጮህብኝ በልቤ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ይህን ሥራ ያስተማረኝ ጋሽ ተስፋይ ነው። የመቀሌ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጾም የማይገድፍ፣ ሳቅ የማይወድ። በሥራ ቀን የአንድ መጋዘን ዕቃ መዝጋቢ ነበር፣ እሁድ ደግሞ ዳኛ። ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ እሱ ሰባት ሰዓት ላይ ሜዳው ውስጥ ነው። ሜዳውን በእርምጃ ይለካል። የጎሉን አግዳሚ እጁን ዘርግቶ ይነካል፤ መካከለኛ ጣቱ ካልደረሰች ተሰቅሏል፣ መዳፉ ከደረሰ ወርዷል። በኖራ የተሰመረውን መስመር በጫማው ጫፍ ፋቅ ፋቅ ያደርግና ከሥሩ የአሮጌ መስመር ምልክት ካገኘ «ይህን ማን አዛወረው?» ብሎ ይጮሃል። ውሃ በራሱ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል። አንዴ ገና ጀማሪ እያለሁ ከአንዱ ቡድን አንድ ኩባያ ውሃ ተቀብዬ ስጠጣ አየኝና ጎተተኝ። «አንተ ውሃ ነው ብለህ ትጠጣለህ። እነሱ ግን ውለታ ነው ብለው ነው የሰጡህ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሜዳ ላይ የሰው ውሃ ጠጥቼ አላውቅም፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን አጠገቤ የተቀመጠውን ሳላይ አልጠጣም።

ትልቁ ጥበቡ ግን ሌላ ነበር። ከሰልፉ በፊት ኳሷን ይዞ ሜዳው መሐል ይቆማል። አየር በደንብ መሙላቷን የሚያይ መስሎ ለአንዱ ተጫዋች በመሬት ገፋ ያደርግለታል። ተጫዋቹ ያቆማታል፣ ይመልስለታል። ይኸው ነው። ጋሽ ተስፋይ በዚያች በአንዲት ንክኪ ሰውየው በምን ዓይነት ኳስ እንዳደገ ያውቃል።

«ኳስ አንድ አይደለችም ወርቁ» ይለኝ ነበር። «ሰው ኳስ ተጫዋች ነኝ ሲልህ የቷን ኳስ ብለህ ጠይቀው።»

እሱ ራሱ ያደገው በጨርቅ ኳስ ነው። አሮጌ ካልሲ ውስጥ ብጥስጣሽ ጨርቅ ተጠቅጥቆ በሲባጎ ይታሰራል። የጨርቅ ኳስ አትነጥርም። ስለዚህ በእሷ ያደገ ሰው ኳስ እስክትመጣለት አይጠብቅም፣ ሄዶ ይቀበላትና በእግሩ አውራ ጣት ከሥሯ ፈንቀል ያደርጋታል። ጣልያን ትቷቸው የሄደውን ቃላት የሚጠቀሙትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው፤ ፍጹም ቅጣት ምቱን ሪጎሬ ነው የሚሉት፣ በእጅ መንካቱን ማኖ።

ከዚያ የመስኩ ኳስ አለ። እኔ ሥራ ስጀምር ከቦሌ መድኃኔዓለም ወዲያ ወደ ገርጂ፣ ከዚያም ወደ ጉርድ ሾላ አብዛኛው መስክ ነበር። ጠዋት ከብት ይግጥበታል፣ ከሰዓት ኳስ ይጠለዝበታል። አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ይባል እንጂ የመጣ ሁሉ ይገባል፤ አሥራ ስምንት ለአሥራ ሰባት ሲጫወቱ ቆሜ ቆጥሬያቸው አውቃለሁ። እንዲህ ባለ ሜዳ ያደገ ሰው ኳሷን በእግሩ ጎን ያበርዳታል፣ ቀና ብሎ ሩቅ ያያል፣ ይልካታል።

ከዚያ ቤት መጣ። መጀመሪያ አንድ ሰው በማዕዘኑ በኩል ድንጋይ ያስከምራል። በሳምንቱ ኮርነር የሚመታበት ቦታ የለም። በዓመቱ ግማሹ ሜዳ የቪላ ግቢ ሆኗል፣ ኳሷ አጥር ከዘለለች ውሻ ነው የሚመልሳት። ይህንንም እጠረጥር ነበር፤ ሁልጊዜ በኮርነሩ በኩል የሚጀምሩት ለምንድን ነው? ዳኛ ነኝና ለካርታ ክፍል አቤት ልል አልችል። ሜዳው ሲጠብ ጨዋታውም ተለወጠ። አሥራ አንዱ ሰባት ሆነ፣ ሰባቱ አምስት ሆነ። ጎሉ በሁለት ድንጋይ መካከል አንድ እርምጃ ቀረ። በረኛ ቀረ፣ ኦፍሳይድ ቀረ። ሦስት ኮርነር አንድ ሪጎሬ ነው የሚል ሕግ መጣ። ይህን ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አላወጀውም፣ ግን ከቦሌ እስከ ኮተቤ ሁሉም ያውቀዋል። ትንሽ ጎል እንለዋለን። በትንሽ ጎል ያደገ ሰው ኳሷን ከእግሩ ሥር አያርቃትም፣ ቀናም አይልም።

የመጨረሻው የሲሚንቶው ነው። በአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ባሉ መጋዘኖች ጭነት የሚያወርዱ ሠራተኞች በምሳ ሰዓት ማራገፊያው ላይ ይጫወታሉ። ሲሚንቶ ላይ ኳስ ትበራለች፤ በእግር ጎን ላብርዳት ብትል አምልጣህ ሄዳለች። ስለዚህ የሲሚንቶ ሰው ኳሷን ከላይ በውስጥ እግሩ ይረግጣታል። ጭብጥ ያለ አረጋገጥ ነው፣ ከሌላው ጋር አይምታታም።

ጋሽ ተስፋይ የነገረኝን ሁሉ በአንዲት ትንሽ ደብተር ጽፌ ያዝኩ። የጨርቅ እግር፣ የመስክ እግር፣ የትንሽ ጎል እግር፣ የሲሚንቶ እግር። በእሷ ብዙ ሰው ይዣለሁ። አንዴ የአንድ ቡድን ሰዎች «ይህ ምስኪን ልብስ ሰፊ ነው፣ ኳስ የጀመረው ዘንድሮ ነው» ብለው አንድ ሰው አስመዘገቡ። ኳሷን ገፋሁለት። እንዲህ በእግሩ ጎን ጸጥ አደረጋትና ሳያያት መለሰልኝ። «ልብስ ሰፊ?» አልኩት። ሳቁ አመለጠው። የትልቅ ክለብ ተጫዋች ነበር፣ በሰው ስም ነው የገባው። ያን ቀን አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና እኔም ከዚያ በኋላ ደብተሬን ከቴሴራ በላይ አመንኳት።

ጋሽ ተስፋይ ጉልበቱን አሞት ፊሽካውን ሲያስቀምጥ ሥራው ለእኔ ለብቻዬ ቀረ። መንግሥት ከተለወጠ ሁለተኛው ክረምት ይመስለኛል።

በዚያ ክረምት ውድድር ላይ የጉርድ ሾላ ነጋዴዎችና ሹፌሮች አንድ ቡድን ነበራቸው። ይመር ሰይድ የሚባል አጥቂ አመጡ። ከደሴ ከመጣ ስምንት ወሩ ነው አሉ፤ አጎቱ ጋሽ ሁሴን ጉርድ ሾላ ላይ ሱቅ አለው፣ እሱ ዘንድ ያድራል፣ ሱቁ ውስጥ ይሠራል። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ዝምተኛ ነው፣ ጎል አግብቶ እንኳ አይጮህም። በአራት ጨዋታ ስድስት አገባ፤ የዳኙት ሌሎች ስለነበሩ እኔ የሰማሁት በወሬ ነው። እኔ ታዲያ ነገሩ አልጣመኝም። ይህን ያህል የሚችል ሰው እስከዛሬ የት ነበር? ጎል አግብቶስ የማይጮኸው እንዳይታወቅ ፈልጎ ካልሆነ ለምንድን ነው?

ለዋንጫ የደረሱት ከመድኃኔዓለም አካባቢ ከመጡ የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኞች ቡድን ጋር ነው። ዓርብ ዕለት የዚያ ቡድን ተጠሪ አቶ ፍቃዱ ቢሮዬ መጣ። ኮት የለበሰ፣ ሽቶ የሚሸት፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው።

«ጋሽ ወርቁ፣ ያ የጉርድ ሾላው አጥቂ ደሴንም አያውቃት» አለኝ። «የመጋዘን ጫኝ ነው። አምና ዳኛ መትቶ የታገደው ጀማል ነው፣ ስሙን ለውጦ መጥቷል።»

«ማስረጃ አለህ?»

«እርስዎ እያሉ እኔ ማስረጃ ምን ያደርግልኛል? እርስዎ ሰው ያውቃሉ።»

ፍቃዱንም ጠረጠርኩት፣ አትሳሳቱ። ሁለቱንም ወገን እኩል ስለጠረጠርኩ ግን ፍትሐዊ የሆንኩ መሰለኝ። የጀማልን ፋይል አወጣሁ። ፎቶው ደብዝዞ ሰውየው ጢም ያለው ይሁን የሌለው እንኳ አይለይም። «እግሩ ይነግረኛል» ብዬ ፋይሉን መለስኩት።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ያለ እሱ ነገሩ ምን ያህል እንደሆነ አይገባችሁም። ያን ጊዜ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የራሳቸው ቡድን ነበራቸው። ጥሩ ተጫዋች ካዩ ቋሚ ሠራተኛ አድርገው ይቀጥሩታል፤ ኳሱን ሲያቆም ሥራው አብሮ አይቆምም፣ ጡረታ ድረስ ይሄዳል። ከእንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች እሁድ ይመርን ሊያዩት ሊመጡ ነበር፣ ጋሽ ሁሴን ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሯል። ካገሩ ከመጣ ገና ስምንት ወሩ የሆነ ሰው፣ የዕድሜ ልክ እንጀራው በዚያች በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ነበር። እኔ ይህን አውቃለሁ። አውቄም «ለዚህ ነዋ ስሙን የለወጠው!» አልኩ።

እሁድ ዝናቡ ጠዋት ዘንቦ አባርቶ ነበር። ሰዉ ሜዳውን ከብቦ እስከ መንገዱ ድረስ ቆሟል፣ አጥር ላይ የወጣም አለ። ሁለቱ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ጃንጥላቸውን አጥፈው በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ኳሷን ይዤ መሐል ቆምኩ፣ በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አደረግኳትና ለይመር ገፋሁለት።

ረገጣት።

ከላይ፣ በውስጥ እግሩ፣ ጭብጥ አድርጎ። ጭቃ ላይ፣ እንዲያ ባለች ዝግ ባለች ኳስ ላይ፣ መርገጥ ምን አስፈለገው? ያዝኩህ አልኩ በሆዴ።

አሰለፍኳቸው። ይመር ጋ ስደርስ ቆምኩ።

«ስም?»

«ይመር።»

«የአባት?»

«ሰይድ።»

«የአያት?»

«እንድሪስ።»

ምንም አልተደናቀፈም። አለመደናቀፉም አስጠረጠረኝ፣ አጥንቶት ነው አልኩ። ቴሴራውን አየሁ። ፎቶው ላይ ጎፈሬ አለው፣ ፊት ለፊቴ የቆመው ግን የተላጨ ነው።

«ጸጉርህን ለምን ተላጨህ?»

«ጭቃ እየገባበት አስቸገረኝ ጋሼ።»

ጓደኞቹ ሳቁ፣ እሱም ፈገግ አለ። እኔ አልሳቅኩም።

«ይህ ቴሴራ ያንተ አይደለም። ውጣ።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። «ጋሼ፣ ወላሂ የኔ ነው! አጎቴ ያውና፣ ይጠይቁት!»

«አጎትህን አልጠይቅም። ያየሁትን አይቻለሁ።»

«ምኑን አዩ? ይንገሩኛ፣ ምን አዩ?»

አልነገርኩትም። የሥራዬን ምስጢር ለተጠርጣሪ አልሰጥም ብዬ ነው። ቀይ እስክሪብቶ አወጣሁና በቴሴራው ላይ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን አሰመርኩበት፣ ሰው ሁሉ እንዲያይ ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። «የሰው ስም ይዞ የገባ ነው! ታግዷል!» ብዬ ጮህኩ። ያን ድምፄን እስከዛሬ እሰማዋለሁ። ሕዝቡ ወዲያው ተቀበለኝ። «አጭበርባሪ! አጭበርባሪ!» ሜዳው በሙሉ። ሁለቱ የመሥሪያ ቤት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ፣ ጃንጥላቸውን አነሡና ጨዋታው ሳይጀመር ሄዱ። ይመር ማልያውን አውልቆ፣ አጣጥፎ፣ ለአምበሉ ሰጠና ራቁት ደረቱን በሰው መሐል አልፎ ሄደ። ጋሽ ሁሴን ከኋላው ሮጠ።

ቡድኑ ይግባኝ አለ። ከደሴ ቀበሌ ማስረጃ ይምጣ ተባለ፣ በአሥር ቀኑ መጣ። ይመር ሰይድ እንድሪስ፣ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው ይላል፣ ማኅተም አለው። ኮሚቴው ወደ እኔ አየ። «ማኅተም መርካቶ ውስጥ ይቀረጻል» አልኩ። በዚህች በአንዲት አረፍተ ነገር ሁለት ዓመት ታገደ። ሁለት ዓመት ያልተጫወተን፣ ስሙም እንዲያ የወጣን ሰው ማን ይቀጥረዋል? ከወራት በኋላ ያ መሥሪያ ቤት ከፍቃዱ ቡድን አንድ አጥቂ ቀጠረ። ፍቃዱ መጀመሪያውኑ ይህን አስቦ ነው ወይስ አይደለም? እስካሁን እጠረጥራለሁ። ቀይ እስክሪብቶው ግን የእኔ ነበር።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ተስፋይን ልጠይቀው ገርጂ ቤቱ ሄድኩ። ጉልበቱን በሻሽ ጠቅልሎ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፣ መቼስ ሊያደንቀኝ ነው ብዬ። እስክጨርስ ሰማኝ።

«ጠየቅኸው?» አለኝ።

«ምኑን?»

«የት ኳስ እንደተማረ።»

«ምን ያስፈልጋል ጋሽ ተስፋይ? ሲረግጣት አየሁት እኮ!»

«አንተ ልጅ፣ እኔ ያን ያስተማርኩህ ለመጠየቂያ ነው እንጂ ለመፍረጃ ነው?» ፊቱ ተቆጣ። «እግሩን አይተህ ትጠረጥራለህ። ከዚያ ታናግረዋለህ። መልሱ ካልገጠመ ያን ጊዜ ታስወጣዋለህ። ግማሹን ነው የጻፍከው?»

ቅር ብሎኝ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሳስበው፣ አርጅቷል አልኩ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ቀንቶብኝ ይሆናል አልኩ። ያስተማረኝን ሰው! በዓመቱ ሞተ፣ ሳልታረቀው።

ይመርን ካባረርኩ አራት ዓመት አለፈ። ለዳኞች ሥልጠና ደሴ ላኩኝ። ሁለተኛው ቀን ከሰዓት ሥልጠናው ቀደም ብሎ አለቀና በእግሬ ወጣ አልኩ። ደሴ መቼም ዳገት ናት። ከመንገዱ በላይ አንድ ተዳፋት ቦታ ላይ ጎልማሶች ኳስ ይጫወታሉ። ሜዳ አይባልም፣ በአንድ ጎኑ ቁልቁል ወደ ገደሉ ነው። ቆሜ አየኋቸው። አንዱ አቀበለ፣ ሌላው ረገጣት። ያም አቀበለ፣ ሦስተኛው ረገጣት። ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር፣ ከላይ፣ በውስጥ እግር፣ ጭብጥ አድርገው።

ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ከጎኔ አንድ ሽማግሌ መቁጠሪያቸውን ይዘው ጨዋታውን ያያሉ። «አባባ፣ ለምንድን ነው ኳሷን የሚረግጧት?» አልኳቸው።

እንደ ሞኝ አዩኝ። «ካልረገጧትማ ትወርዳለቻ! ያመለጠችው ሰው ነው ገደል ወርዶ የሚያመጣት። አንዴ የወረደ ሁለተኛ አያመልጠውም። እዚህ ያደገ ሁሉ እንዲህ ነው።»

ስሙን መጥራት ፈራሁ፣ ግን ጠራሁት። «ይመር ሰይድ የሚባል እዚህ ያደገ ያውቃሉ?»

«የሰይድ እንድሪስን ልጅ? እንዴት አላውቀውም! ከሁሉም እሱ ነበር የሚችል። አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ዳኛ ሕዝብ በተሰበሰበበት አጭበርባሪ ብሎ አባረረው አሉ። አባቱ ከዚያ ወዲህ ኳስ ሲጫወቱ ካየ መንገድ ይቀይራል።» ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ። «ያውቁታል እንዴ?»

«አላውቀውም» አልኩ።

ከደሴ ስመለስ ወዲያው ጉርድ ሾላ ሄድኩ ብል ደስ ባለኝ። አልሄድኩም። ሁለት ዓመት ሙሉ አልሄድኩም። በታክሲ በጉርድ ሾላ ሳልፍ በሌላው መስኮት አያለሁ። ቢሮ ውስጥ ሆኜ ተሳስቻለሁ ካልኩ ያሰመርኩባቸው ሁሉ ይመጡብኛል ብዬ ፈራሁ፤ ከመካከላቸው ስንቱ ይመር ይሆን? ያን የሟች ወንድሙን ቴሴራ ይዞ የመጣውንም ማሰብ ጀመርኩ። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም። የጡረታ ደብዳቤው በመጣ በሳምንቱ፣ የሚፈራ ወንበር ስላልቀረኝ፣ ተነሥቼ ሄድኩ።

ሱቁ እዚያው ነው፣ ጋሽ ሁሴን ግን አርፏል። ይመር ከባንኮኒው ኋላ ቆሟል። ሠላሳን እየተጠጋ ነው፣ ትንሽ ወፍሯል፣ ጸጉሩን አሳድጓል። አንዲት እናት ስኳር ሊገዙ ቆመዋል፣ አንድ የታክሲ ሹፌር ለስላሳ ይጠጣል፣ አንዲት ልጅ እግር ሴት ሳሙና ትመርጣለች። ገና ደፉን ስረግጥ ዐወቀኝ።

«ጋሽ ወርቁ» አለ። «ምን ልስጥዎት?»

«ደሴ ሄጄ ነበር።»

ለእናትየው ስኳር ሊጨልፍ ማንኪያውን አነሣ።

«ሲጫወቱ አየሁ። ኳሷን ይረግጧታል።»

«አዎ። ካልረገጧት ትወርዳለች።»

«ያን ቀን ያባረርኩህ በዚያ ነው። ረገጥካት። ሲሚንቶ ላይ ያደገ የመጋዘን ሰው ነው አልኩ።»

የስኳሩን ማንኪያ ጆንያው ውስጥ ተወው።

«በዚህ?» አለ።

«በዚህ።»

«እኔ እኮ ፎቶው ነው ብዬ ነው የኖርኩት። ጸጉሬን ባልላጭ ኖሮ፣ ባልላጭ ኖሮ እያልኩ፣ ስድስት ዓመት። አጎቴም ሲሞት ‹ምን ነካህና ተላጨህ› እያለኝ ነው የሞተው። ምን አዩ ብዬ ለመንኩዎት እኮ! ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«በድዬሃለሁ ይመር» አልኩት።

«እሱን ለኔ አይንገሩኝ። እኔ መጀመሪያም ዐውቀዋለሁ።» በእጁ ወደ ቆሙት ሰዎች አመለከተ። «ያን ቀን ጮኸው ነው የተናገሩት።»

ዞርኩ። እናትየው፣ ሹፌሩ፣ ልጅቷ ያዩኛል። እድሜዬን ሙሉ ሜዳ መሐል ቆሜ ስጮህ የኖርኩ ሰው ቀስ ብዬ ጀመርኩ። «ይህ ሰው ይመር ሰይድ እንድሪስ ነው» አልኩ። «ከስድስት ዓመት በፊት እኔ የኳስ ዳኛ ሆኜ፣ በሕዝብ ፊት አጭበርባሪ ነው ብዬ አባረርኩት። ሥራ ሊቀጠር ነበር፣ በኔ ምክንያት ቀረበት። አላጭበረበረም። በገዛ ስሙ ነበር የቆመው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ሹፌሩ ጠርሙሱን እንደያዘ ቀረ። እናትየው ነጠላቸውን አስተካከሉና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ታዲያ አሁን ምን ያደርግለታል?» አሉኝ።

ይመር ስኳሩን ጨልፎ ሚዛኑ ላይ አደረገ፣ መዘነ፣ በላስቲክ ቋጠረና ሰጣቸው። እሳቸው ወጡ። ሹፌሩም ጠርሙሱን መልሶ ወጣ። ልጅቷ ሳሙናውን ይዛ ሄደች። እኔ ደፉ ላይ እንደቆምኩ ነኝ፣ ግባ አላለኝም፣ ሂድም አላለኝም። ባንኮኒው ላይ የፈሰሰውን ስኳር በመዳፉ እየጠረገ፣ ሳያየኝ ተናገረ።

«ሦስት ሰው ሰማ ጋሼ። ያን ቀን ሜዳው ዙሪያውን ሞልቶ ነበር።»